አባባ ያላጠነጠኑት ካሴት

ስለ አንድ ካሴት መጻፍ ለአያቴ ለአባባ መታሰቢያ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ስለ ደግነታቸው ብጽፍ ሳይሻል አይቀርም፤ እኔን የሚናፍቀኝ ግን እጃቸው ነው።

እሪ በከንቱ ባለው ቤታችን አባባ ከምሳ በኋላ በአሮጌው ቴፕ ዘፈን ይሰሙ ነበር። ሲጨርሱ ካሴቱን ያወጡና በእስክሪብቶ ቀስ አድርገው እስከ መጀመሪያው ያጠነጥኑታል።

«አባባ፣ ቴፑ ራሱ ይመልሰው የለ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ባትሪ ድንጋይ ይጨርሳላ። ደግሞ ነገ የሚሰማው ሰው ከመሃል ይጀምር?»

«ነገም የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።»

«የነገው ሽማግሌ እንግዳዬ ነው፣ ይከበር እንጂ። እናንተ የስልክ ልጆች እንግዳ መቀበል የት ታውቃላችሁ።»

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በጥቂት ወራት አረፉ። ከቀብር ተመልሰን ቴፑን ስከፍተው ካሴቱ መሃል ላይ ቆሟል። አክስቴ እስክሪብቶ አቀበለችኝና «አጠንጥኚላቸው» አለች። እጄ እምቢ አለኝ። ካጠነጠንኩት አባባ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙበት ቦታ ይጠፋብኛል። ማንም እንዳይነካው ቴፑን በነጠላ ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ምሳ በተበላ ቁጥር ቤቱ ጭር ይል ጀመር።

በአርባቸው ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ አክስቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቦታውን ስትጠብቂ ዘፈኑን ነሳሻቸው። ያልሰሙትን እኛ እንስማላቸው» አለችኝ።

ካቆሙበት አስጀመርኩት። ሁለት ዘፈን ተኩል ቀርቷቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማንላቸው። ካሴቱ አልቆ በራሱ ቀጭ ብሎ የቆመው በዚያው በአርባቸው ዕለት፣ መጋቢት ሚካኤል ነው።