ሳይደርሱ የተነቀሉት እንሰቶች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም፤ እኔም የምመሰገንበት አይደለም። ሆኖም ትናንት ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ፣ የሒሳብ መምህራችን «ዕድሉ ኢምንት፣ ሽልማቱ ግን ትልቅ ከሆነ መሞከሩ ያዋጣል?» ብለው ሲጠይቁ ተማሪው በሙሉ «ያዋጣል!» አለ። ሁልጊዜ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ደብተሬን ዘጋሁ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአባቴ ዓይን ጠፋ። ወልቂጤ ያየው ሐኪም፣ «አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አለ። ግን አልዋሻችሁም፤ ከመቶ ሰው ለአንዱ ቢሳካ ነው» አለን። በሚኒባስ ወደ ቤታችን፣ ወደ አገና ስንመለስ የሰኔ ዝናብ መስኮቱን ይደበድብ ነበር። እኔ የሰማሁት «ለአንዱ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከጓሯችን እንሰት በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበረንም። የደረሱት ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹ ገና ሦስትና አራት ዓመት ይቀራቸዋል።

«እማ፣ ሁሉንም እንንቀላቸው» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ያልደረሰ እንሰት ውሃ እንጂ ቆጮ ይሰጣል? ጎረቤትስ ምን ይለናል?»

አባቴ ከመደቡ ላይ ሳቀ። «ጎረቤቱን ተዪው። ለአንድ ዕውር ብላችሁ ሁላችሁም ልትራቡ ነው?»

«አባ፣ አንዱ አንተ ብትሆንስ?»

«እንግዲህ እንደ ወደድሽ» አለ።

ነቀልን፣ ፋቅን፣ እንዲቦካ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርን። የእናቴ ክንድ አበጠ። በነሐሴ ማብቂያ አውጥተን ገበያ ስንወስደው አንዲት ሴትዮ ቆጮውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይሄማ ገና ጡት አልጣለም!» ብላ አሳቀችብን። በርካሽ ሰጠናት።

አዲስ አበባ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲፈታ እጄን ፊቱ ላይ አወዛወዝኩ።

«ቆይ፣ አትፈቱትም እንዴ?» አለ አባቴ።

ለመስቀል አገሩ ከሚገባው ሕዝብ ጋር ተጨናንቀን በዚያው ቀን ተመለስን። እንደደረስን እጁን ዘርግቶ ብቻውን ወደ ጓሮ ወጣ። የሚነካው ቅጠል ቢያጣም መሄዱን አልተወም፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ለካ ጓሯችን ይህን ያህል ሰፊ ነው» አለ።

በምትካቸው የተከልናቸው ችግኞች ዛሬም አልደረሱም፤ እናቴ ቆጮ ከጎረቤት ትለምናለች። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ የሚከብደኝም ይኸው አለመውቀሱ ነው። ባንሞክር ኖሮ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን አንዱን ሰው እያሰብኩ እኖር ነበር። የትኛው እንደሚሻል ዛሬም አላውቅም። የማውቀው አባቴ አጥሩ ጋ የቆመበትን ቀን ነው፤ መስከረም አሥራ አምስት።