ወደ ውስጥ ብቻ የሄዱ ዱካዎች

በጣልያን ጊዜ ዲላ ስንኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ነጋዴ ነው፤ በአምስት በቅሎዎቹ ከወናጎ ቡና እያስጫነ ያመጣል። ተረት የምትነግረን የአጎቴ ሚስት ነበረች። የቡሌ ሰው ናት፤ አፏን የፈታችው በጌዲኦኛ ስለሆነ አንበሳውን አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» ስትለው በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ያረጀውን አንበሳ ተረት ነገረችን። አንበሳው ታምሜያለሁ ብሎ ዋሻው ውስጥ ይተኛል። አውሬው ሁሉ ሊጠይቀው ወደ ዋሻው ይገባል። ቀበሮ ግን ደጁ ላይ ቆማ፣ የገባ ዱካ እንጂ የወጣ እንደሌለ አይታ ትመለሳለች።

«ከዚህ ምን ተማራችሁ?» አለችን።

«ብልጥ መሆንን!» አልኩ ቀድሜ።

«ብልጥስ ናት። ግን ለማን ነገረች? ከኋላዋ ፍየል እየመጣች ዝም ብላ ቤቷ ገባች። እኔ ይቺን ቀበሮ አልወዳትም።»

ተረት እንዲህ ሲገላበጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ በቅሎ ያለው ሁሉ የጣልያኖቹ ካምፕ ወስዶ እንዲያስመዘግብ፣ ላስመዘገበም ዱቄት እንደሚሰጠው ተለፈፈ። አባቴ ደስ አለው። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጨው እንድገዛ ልካኝ በካምፑ በር ሳልፍ፣ ቀዩ ጭቃ በኮቴ ተበሳስቶ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ሁሉም ወደ ውስጥ ነው የሄደው! ባለቤቶቹ ግን አንዳንድ ቁና ዱቄት ተሸክመው በእግራቸው ይወጣሉ።

ጨዉን ትቼ ሮጥኩ። በመንገዴ ያገኘሁትን ባለበቅሎ ሁሉ «አትሂዱ! የወጣ ዱካ የለም!» እላለሁ። አንዳንዱ ሳቀብኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ግን ካምፑን ከሩቅ አይተው በቅሎዎቻቸውን መለሱ።

አባቴ በቅሎዎቹን ከጋጣ እያወጣ ሳለ ደረስኩ። «አትውሰዳቸው! የገባ በቅሎ አይወጣም!» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ቀበሮ!» አልኩት፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የአጎቴ ሚስት ከጓሮ እየሳቀች መጣች። «ጋሼ፣ ልጅቷ ያየችውን ነው የምትለው። ቡሌ እንውሰዳቸው፤ ወንድሞቼ ይጠብቁልናል።»

በቅሎዎቻቸውን የመለሱት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ይህን ሰምተው የየራሳቸውን ይዘው ተከተሉን። ዳገቱን እኔ በበቅሎ ላይ ሆኜ ስወጣ፣ ከእኔ በላይ ንግሥት ያለች አልመሰለኝም። ወንድሞቿ በቅሎዎቹን ከእንሰቱ መሃል ደብቀው፣ ለእኛ ቆጮ በቅቤ አቀረቡልን። አባቴ ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ጣልያን ሲወጣ አምስቱም በቅሎዎቻችን ከቡሌ ወረዱ። በጣም ወፍረው ስለነበር አባቴ አንዷን የእኔ ናት ብሎ ማመን አቅቶት፣ በሰው ሁሉ ፊት አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ።