ለከርሞ የተቀጠረ እርካብ

ጠላት በወጣ በጥቂት ዓመት አባቴ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የአያቶች ዕቃ ቀን የሚሉትን በዓል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት የመጣላቸው ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የጠፋች ላማቸውን ፍለጋ ነው። ሰፈርተኛው «ኮተት ፀሐይ ያሞቃሉ» እያለ ሳቀ። አባቴ ግን በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ቁርበታቸውን አነጠፉ፤ ሰውም ቀስ በቀስ በዛ።

ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ታሪኩ ያልተነገረ ዕቃ ቁርበቱ ላይ አይቀመጥም። ዘግይቼ ትምህርት የገባሁት እኔ የሚነገረውን በደብተር እጽፋለሁ። የራሳቸው ዕቃ ጥንድ የሌለው የብረት እርካብ ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ከካፖርታቸው ኪስ ያወጡና «የኔ ለከርሞ» ብለው መልሰው ይከቱታል።

«አባባ፣ ሕጉ ለርስዎ አይሠራም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«ይሠራል እንጂ። ቁርበቱ ላይ ሳስቀምጠው አየሽኝ?»

ዘንድሮ ካፖርታቸውን ለብሼ ያለ እሳቸው ወጣሁ። ከእንግዲህ በዓሉ ይቀራል የሚል ወሬ ስለነበር የመጣው ሰው ትንሽ ነው። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ እርካቡን አወጣሁ።

«በይ ንገሪን ልጄ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ማን ጋለበበት? ሌላውስ የት ገባ? ላሜማ ያኔውኑ ተገኝታለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት የተመላለስኩት ይህን ለመስማት ነው።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ለአባቴ የተውኩት ገጽ ባዶ ነው። ቤቱን ሁሉ ፈትሼ ጥንዱን አላገኘሁም፤ ለማወቅ ከኔ ይበልጥ የጓጓ የለም። ሰዎቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

እርካቡን ወደ ኪሱ መለስኩት።

«ለከርሞ» አልኩ።