ዋጋዬ ቄደር

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ዋጋዬ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። ተወልዳ ያደገችው ጥርባ ነው፤ እንጅባራ የገባችው የበቅሎ ነጋዴውን እንየውን አግብታ ነው። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ሲደክማት በአዊኛ ነበር የምትናገረው። እኔ ካወቅኋት ጀምሮ ብዙውን የሰማሁት አዊኛዋን ነው።

ያኔ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የእንጅባራ ሰው ስምህን ከመጠየቁ በፊት አንገትህን ያይ ነበር። ማተብ ካለ ክርስቲያን፣ ከሌለ እስላም፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ብትሰርቅም ብትመጸውትም ቦታህ ታውቋል። ዋጋዬ ማተብ ነበራት። አጥር የምትጋራት ከዲጃ፣ የጨርቅ ነጋዴው የሐሰን ሚስት፣ አልነበራትም። ሁለቱ ግን እሳት ይጫጫራሉ፣ ወንፊት ይዋዋሳሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ላሟን ታልብላታለች። ከሥጋ በቀር ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም። ሥጋ ግን የየራስ ነው። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ዋጋዬን ምጥ ያዛት። በዚያው ሰሞን አዘና ላይ አንድ ትልቅ ሰው ሞተው፣ ፈረስ ያለው በፈረስ፣ የሌለው በእግሩ፣ የሰፈሩ ክርስቲያን ወንድ ሁሉ ለለቅሶ ወጥቷል፤ እንየውም አብሮ። ልጅቷ በደህና ተወለደች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። በስንት መከራ ሲቆም ዋጋዬ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ነበር።

«የዶሮ መረቅ ካልጠጣች አታድርም» አለች አዋላጇ።

ዶሮ ነበረ። የሚያርድ ወንድ አልነበረም፤ ሴት ደግሞ አታርድም። ከዲጃ «አንድ ክርስቲያን ወንድ አጣሁ!» እያለች ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች። ይህን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያገኘችው አልጋ የያዘ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ተመልሳ ባሏን ጠራች። ሐሰን ቢላዋውን ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ዋጋዬ፣ ልረድልሽ?» አላት።

«እረድ» አለች።

«ሳታውቅ ነው የጠጣችው» የሚሉ ሰዎች ያዘኑላት ይመስላቸዋል። አውቃ ነው የጠጣችው። መኖር ፈለገች፣ ጠጣች፣ ኖረች።

ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ከዲጃ ደስታው አላስችል ብሏት ምንጭ ወርዳ ለሴቶቹ አወራችው። በሳምንቱ ዋጋዬ «ሰለመች» ተባለ። ተራዋ የነበረውን የማርያም ጽዋ የማኅበሩ ሴቶች ለሌላ አሳለፉት። ገበያ ላይ ደግሞ እስላሞቹ እንየውን «አማቻችን» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እንየው ቀልድ የማይወድ ሰው ነው፤ ከገበያ ያመጣውን ኩርፊያ ሁሉ እሷ ላይ ያራግፈዋል።

ልጅቷ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀን ሲቃረብ የነፍስ አባቷ አባ አየነው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ከእሷ ይልቅ እሳቸው የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ ቄደር ሳትጠመቂ ልጅቷን ማጥመቅ አይሆንልኝም» አሏት። ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው የሚነጻበት ጸሎትና ጥምቀት ነው።

«አባቴ፣ እኔ መቼ ካድኩ?»

«እኔም ካድሽ አልልም። ሥርዓቱ ግን የሚያየው ሥጋውን ነው።»

«እንዳልሞት እኮ ነው የጠጣሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ልጅቷ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም። እሱን አስቢ።»

አሰበች። ያን ክረምት ኩፍኝ የሰፈሩን ሕፃናት እየለቀመ ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ጧት፣ ሰው ተሰብስቦ እያየ፣ ጸሎቱ ተደገመና ውሃው ወረደባት። ከዚያ በኋላ «ሰለመች» ቀረና «ዋጋዬ ቄደር» ሆነች። ንጹሕ ናት ለማለት የተደረገው ነገር ራሱ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። እኔ በበኩሌ የዚህ አገር ሰው ምን ቢደረግለት እንደሚረካ አላውቅም።

ልጅቷ ክርስትና ተነሳች፤ ድግስ ተደገሰ። እንደ ወጉ ለእስላም ጎረቤቶች ለብቻ በግ ተገዝቶ ሐሰን አረደ፤ ወጡንም የእነሱ ሴቶች በገዛ ድስታቸው ሠሩት። ከዲጃ ግን የለችም። ዋጋዬ እንግዳዋን ትታ በጓሮ በኩል ሄደች። ከዲጃ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ነይ እንጂ ከዲጃ፣ የታረደው በሐሰን እጅ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አይ። ለልጅሽ ብለሽ ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ከዲጃ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ዋጋዬ፣ እንደገና ስትወልጂ እንደዚያን ቀን ብትሆኚብኝ ምን ላድርግ? ላድንሽ ወይስ ልተውሽ? ቁርጡን ንገሪኝ። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው።»

ዋጋዬ «አድኚኝ» ብትል የሚወለደው ልጅ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው፤ «ተይኝ» ለማለት ደግሞ አፏ እሺ አላላትም። ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ አልወለደችም። ሰው «ማኅፀኗ ተዘጋ» ይላል፤ የማኅበሩ ሴቶችም የመረቁ ቅጣት ነው ብለዋል። እኔ ካደግሁ በኋላ ሴት ለሴት ስናወራ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። የዚያን ዕለት እንግዳው ሲበተን ከእንየው መኝታ ለየች። «ለከዲጃ የምመልስላት አጣሁ» አለችኝ።