ወገባቸውን የያዘች መሬት

ዛሬ የእትዬ ሙት ዓመት ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበሩ። ሰው ሁሉ የፈትላቸውን ቅጥነት ያነሣል፤ እኔ የማስታውሰው ግን ጠዋት ጠዋት የሚሠሩትን የወገብ እንቅስቃሴ ነው።

ዕድሜ ልክ ጎንበስ ብሎ መፍተል ወገባቸውን ጎድቶት ስለነበር ከቢቸና ሞጣ ሆስፒታል በአውቶቡስ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በጀርባቸው አስተኝቶ፣ ጉልበታቸውን አሳጥፎ፣ "ሆድዎን ሰብሰብ፣ ወገብዎን ወደ መሬት ጫን አድርገው እስከ አሥር ይቁጠሩ" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሰሌን አንጥፈው ይሠሩ ነበር። ሕመሙም ቀለላቸው። ግን አንድ የሚሉት ነገር ነበራቸው።

"መሬቷ ከሥር ትይዘኛለች፤ ስትለቀኝም ይሰማኛል።"

እያደር መልቀቂያዋ ዘገየ። "ዛሬ እስከ ሃያ ያዘችኝ" ይላሉ። ሌላ ቀን፣ "ዛሬስ እስከ ሠላሳ።" ድምፃቸው የቀልድ አልነበረም።

የመጨረሻዋ ዕለት ጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው።

"ልጄ፣ ዛሬ አልለቅም አለችኝ።"

"እንግዲያው ይቁጠሩላት እትዬ!" ብዬ ሳቅሁ።

ሲቆጥሩ አልሰማሁም። ስወጣ ጉልበታቸው እንደታጠፈ፣ ዓይናቸው ጣራው ላይ ቀርቶ ነበር። ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ለአራት ሆነን ስናነሣቸው ግን እጃችን ዛለ።

በአርባቸው ማግስት፣ ስለ ሳቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ፣ ሰሌናቸውን ያነጥፉበት የነበረው ቦታ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ወገቤን ጫን አድርጌ ጠበቅሁ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ምንም አልያዘኝም። ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።