የድንቄ ሠላሳ አንድ መስኮች

ድንቄ ኃይፋ ውስጥ የሕንፃ ደረጃ በሚያጸዳ ኩባንያ አሥራ ሁለት ዓመት ከወለወለች በኋላ፣ በ2016 የሠራተኞች አስተባባሪ ሆነች። በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ዮቫል ሥራውን ሁሉ በኮምፒውተርና በስልክ የሚመዘግብ ፕሮግራም አስገባ። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ረድፍ አለው፤ ማን እንደሚያጸዳው፣ መቼ፣ ማለቅ አለማለቁ ይጻፍበታል።

«ሌላ ነገር ከፈለግሽ የራስሽን ሳዴ ጨምሪ» አላት። ሳዴ በዕብራይስጥ የሚሞላ መስክም ነው፣ እርሻም ነው።

ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትገባ ለባሏ ለብሩ ይህንኑ ነገረችው።

«አባትሽ ጎንደር ዕድሜ ልካቸውን የሰው መሬት አረሱ፤ አንቺ እርሻ እንዲያው በነፃ አገኘሽ?» ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያው መስኳ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚል ነበር። በማግስቱ ከተዘጋ በር ላይ ቆሞ የደወለላት ሠራተኛ አልነበረም። ነገሩ ጣማት። አሳንሰሩ ይሠራል ወይ? የውኃ ቧንቧው ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሻ አለ ወይ? የውሻው ስም ማን ነው? የትኛዋ ጎረቤት ትቆጣለች? ስለ ምን? በሁለት ወር ውስጥ መስኮቹ ሠላሳ አንድ ደረሱ። ሁሉም ካልተሞሉ ደግሞ ሥራው «አለቀ» አይባልም።

አንድ ቀን ሃሊሳ ሰፈር ያሉትን ሕንፃዎች የሚያጸዳው ወጣቱ አሰፋ ደወለ።

«እትዬ ድንቄ፣ ደረጃውን በሃያ ደቂቃ ጨረስሁ፤ ቅጹ ግን ገና ነው። የውሻውን ስም አላውቅም። ልጠይቀው?»

«ባለቤቱን ጠይቅ!»

ሠራተኞቹ ግን ዘዴ አገኙ፤ ሁሉም ቦታ «ቤሰደር»፣ በዕብራይስጥ «ደህና ነው»፣ ብለው መሙላት ጀመሩ። ዮቫል የተበላሹ አሳንሰሮችን ቆጥሮ ሊያሳውቅ ዝርዝሩን ሲከፍት፣ አሳንሰሩ ቤሰደር፣ ቧንቧው ቤሰደር ፎቅ ላይ፣ የውሻውም ስም ቤሰደር ሆኖ አገኘው።

«አምስት አስቀሪና ሌላውን ሰርዢ» አላት።

ድንቄ ልጇን ድራ የምትሸኝ ይመስል ሁለት ቀን ስታመነታ ቆይታ ሃያ ስድስቱን ሰረዘች። ውሻውም አብሮ ሄደ።

በሳምንቱ አሰፋ በታመመ ባልደረባው ፈንታ ወደማያውቀው ሕንፃ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ ድንቄ፣ ጣሪያ ላይ ነኝ! ባልዲዬ ታች ቀርቷል። ውሻ እንዳለ ለምን አልነገሩኝም?»

«ተጽፎ ነበር። ‹ቅጹ በዛ› ብላችሁ አሰረዛችሁኝ!»

«ይመልሱት በእግዜር!»

መስኩን መለሰችው፤ ግን ሲሰረዝ የተጻፈበት ሁሉ አብሮ ጠፍቶ ኖሯል። አሰፋ ራሱ በየሕንፃው እየዞረ እንደገና መዘገበ። ድንቄም በዚህ ጊዜ ብልህ ሆና ሦስት ምርጫ ብቻ ሰጠች፦ «የለም»፣ «አለ»፣ «አለ፣ ይነክሳል»። ቤሰደር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ዮቫል መስኮቹ ስድስት መሆናቸውን አይቶ ዝርዝሩን ዘጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ክርያት ያም ከተማ ለተቀጠረችው አዲስ አስተባባሪ፣ ለይታይሽ፣ ፕሮግራሙን እንድታስተምር ኩባንያው ድንቄን ላካት። እስከ ምሳ ድረስ በደንብ አስረዳቻት።

«አንድ መስክ ብጨምርስ?» አለች ይታይሽ።

«ማን ይሞላዋል?» አለቻት ድንቄ ኮስተር ብላ።

ይታይሽ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። ድንቄ ግን ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ሆና አላስችል ስላላት ደወለችላት፤ «ለመሆኑ ምን ልትጨምሪ ነበር?»