የእኔና የወንድሜ ቀለህ

የሆነው ከአስር ዓመት በፊት አካባቢ ነው። የፈነዳም የቆሰለም የለም። እኔ ግን ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል።

ታላቅ ወንድሜ እንዳለና እኔ ኢላማ መተኮስ እንወዳለን። «ሴት ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኛት?» የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ጠመንጃ በየግላችን ገዝተን ቅዳሜ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ እንሄድ ነበር። ጥይቱን ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሱ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ራሳችን ሪሎድ እናደርጋለን። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበን ባሩድና እርሳስ እየሞላን መልሰን እንጠቀምበታለን።

ቀለህ ሲተኮስ ያብጥና የተተኮሰበትን ጠመንጃ ልክ ይይዛል። መልሶ ለመሙላት ወይ ገላውን በሙሉ ጨምቆ ማጥበብ ነው፣ ወይ አንገቱን ብቻ። አንገቱ ብቻ የጠበበው በራሱ ጠመንጃ ልክክ ብሎ ስለሚገባ ኢላማ አይስትም ይባላል። ሌላ ጠመንጃ ውስጥ ግን ላይገባ ይችላል። እንዳለ «አንገቱን ብቻ!» አለ። እሱ አንዴ ካለ አለ ነው።

«እሺ፤ ግን ያንተና የኔ ተቀላቅሏል እኮ» አልኩት። የኔዎቹን መቀመጫቸውን በጥፍር ቀለም መቀባት ጀምሬ ነበር። አይቶ ተቆጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ከአንድ ትሪ በልተን አድገን ዛሬ ቀለህ እንለያይ? ጠመንጃው እንደሆን መንታ ነው!»

ቀለሙን ሳይደርቅ በጨርቅ ጠርጎ ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ዘረገፈው። እኔ ቅዳሜ እስኪደርስ እረፍት አጣሁ። ከሥራ ቦታ ኮል ሳደርግለት «አትነዝንዢኝ» ብሎ ይዘጋብኛል።

መጀመሪያ የተኮሳቸው ሸጋ ሄዱለት። ዞር ብሎ «አየሽ?» አለኝ። ቀጥሎ ያጎረሰው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። መዝጊያው አይዘጋ፣ አይከፈት። ባሩድ የሞላ ጥይት ነው! ፈረንጆቹ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት እፍረት ያዘው መሰለኝ፣ ፊቱን አስጠግቶ መዝጊያውን በመዳፉ ይደበድበው ጀመር።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው! በማርያም ተው!»

ጆሮው በድምፅ መከላከያ ተሸፍኗል፣ አይሰማኝም። ዓይኑ ቢጠፋ ለእናታችን ምን ብዬ እነግራታለሁ? ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩበት። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ነው እጁን ያነሳው።

የሬንጁ ተቆጣጣሪ፣ አንድ ሽበታም ፈረንጅ፣ ተኩሱን ሁሉ አስቁሞ ሰውን ወደ ኋላ መለሰ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረ መዝጊያውን ቀስ እያለ ይስብ ጀመር። ቆሜ ማየት አቃተኝ። ወዲያ ወዲህ እንቆራጠጣለሁ፣ ስለቴን እደረድራለሁ። ጥይቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው ተጠግቼ ያየሁት።

ሰውየው ጥይቱን እያገላበጠ «ቀለሁ የማን ነው?» አለ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«የለም፣ የኔ ነው» አለ እንዳለ፣ እኩል ከአፌ ነጥቆ።

ሰውየው ተራ በተራ አየንና «እንግዲያው አታውቁትም ማለት ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንዳለ አሌክሳንድሪያ፣ ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ ነው፣ ዓይኔን ሳያይ «እንለየው» ያለው።

«ገላውንም በሙሉ እናጥብበው» አልኩት።

«እሺ» አለ። ወንድሜ እሺ ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

ዛሬ የየራሳችን ጣሳ አለን፣ ቀለሁንም ሙሉውን ነው የምናጠብበው። ምቱ ኢላማው ላይ ትንሽ ቢበተንም ይበተን። ብቻ እንዳለ አጉርሶ መዝጊያውን ሲገፋ ዛሬም አያስቀምጠኝም። ሰው ተኩስ ሲሰማ ይደነግጣል። የኔ ጭንቀት ግን እስኪሰማ ነው፤ ጓ ሲል ብቻ «ተመስገን» ብዬ እተነፍሳለሁ።